ከኋላችን የሚመጣው ሰው ምን ያያል?

በአገራችን መኪና ሲሸጥና ሲገዛ ወሬው ሁሉ ከፊት ለፊት ነው። ገዢ ኮፈን ያስከፍታል፣ ሞተር ያስነሳል፣ ጭሱን ያያል፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል። ጠንቀቅ ያለው ደግሞ ከሥር አጎንብሶ ሻሲው መበየድ አለመበየዱን ይመለከታል። ከኋላ ቆሞ "እስቲ ፍሬን ያዝ" የሚል ገዢ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። የፊት መብራት የሚያበራው ለባለመኪናው ነው፤ ካልበራ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው ራሱ ነው። የኋላ መብራት ግን ለባለቤቱ ምንም አያሳየውም። የሚያገለግለው ከኋላ የሚመጣውን የማይተዋወቁትን ሰው ነው። እርግጥ ያ ሰው ካላየ የሚገጨው ባለመኪናውን ነው፤ ይህ የሚታወሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተገጩ በኋላ ነው።

አንዱ ከፍሎ ሌላው የሚጠቀምበት ዕቃ ጥራቱ በገበያ ብቻ አይጠበቅም። የኋላ መብራትን ጉዳይ ከጋራዥ ወሬነት አውጥቼ በዚህ ገጽ ላይ ለማንሳት የተነሳሁትም በዚህ ምክንያት ነው። በአሁኑ ጊዜ የአሮጌ ፒካፖችን የኋላ መብራት ኤልኢዲ በሚባለው መቀየር በከተማችን የተለመደ ሥራ ሆኗል። ሶማሌ ተራ ጎራ ያለ ሰው አምፖሎቹ በየመደብሩ ደጃፍ ተደርድረው ያያል። ሥራው በአግባቡ ከተሠራ አንድ ባለመኪና በአነስተኛ ወጪ ሊያደርጋቸው ከሚችላቸው ጠቃሚ ነገሮች አንዱ ነው። በዘፈቀደ ከተሠራ ደግሞ ቀድሞ ከነበረው የባሰ አደጋ ይፈጥራል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚቆጣጠር አካል ደግሞ በተግባር አይታይም።

የአሮጌ መኪና ዘመን

ጉዳዩ ዛሬ ለምን ክብደት እንዳገኘ ለመረዳት ሦስት ውሳኔዎችን ማስታወስ ይበቃል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ታክሳቸው እንዲከብድ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ይፋ አደረገ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገና እስከዚያ ድረስ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ።

እያንዳንዱ ውሳኔ የራሱ ምክንያትና የራሱ ተከራካሪ አለው፤ እዚህ ወደዚያ ክርክር አልገባም። የሦስቱ ድምር ውጤት ግን አንድ ነው። በእጁ አሮጌ መኪና ያለው ሰው መኪናውን ይዞ ይቆያል። የ20 እና የ30 ዓመት ቶዮታ ሃይሉክስ "ጡረታ ይውጣ" ተብሎ አይታሰብም፤ ይታደሳል። ሰው አዲስ መኪና መግዛት ሲያቅተው መኪናውን በቁራጭ ያሳድሳል፤ ዛሬ መቀመጫ፣ ነገ ቀለም፣ ከነገ ወዲያ መብራት። እኔም የዚሁ ሰልፍ ተሰላፊ ነኝ። የምነዳው ደብል ጋቢና ፒካፕ ከብዙ አንባቢያን ልጆች በዕድሜ ይበልጣል፤ የኋላ መብራቱንም ወደ ኤልኢዲ ቀይሬያለሁ። ከዚህ በታች የማቀርበው ትንተና በከፊል ከዚያ ሥራ የተገኘ ነው።

በሌላ በኩል በዚያው መንገድ ላይ ከፋብሪካ ሲወጡ መብራታቸው በሙሉ ኤልኢዲ የሆነ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ገብተዋል። ይህ ነገር ብዙም ያልተስተዋለ ችግር አለው። በምሽት ከፊታችን የሚሄዱት ሦስት መኪኖች ደማቅ ቀይ ብርሃን ካላቸው ዓይናችን ያንን ይለምዳል። አራተኛው፣ ብርሃኑ የደከመው አሮጌ ፒካፕ፣ በእነሱ መካከል ይጠፋል። መብራቱ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው አልቀነሰም ይሆናል፤ አካባቢው ግን ተቀይሯል። የአሮጌው መኪና ባለቤት "ድሮም እንዲህ ነበር" ቢል እውነቱን ነው፤ መንገዱ ግን እንደ ድሮው አይደለም።

ሁለት አሥረኛ ሰከንድ

ስለ ኤልኢዲ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ኤሌክትሪክ ይቆጥባል የሚለው ነው። ለቤት አምፖል ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለመኪና የኋላ መብራት ግን ዋናው ጥቅም እሱ አይደለም። አንድ የተለመደ የፍሬን አምፖል 21 ዋት ይወስዳል፤ ሁለቱ 42 ዋት ናቸው። ፍሬን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተረግጦ አይውልም። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ የሚቀይር ሰው ካለ ገንዘቡን ለሌላ ነገር ቢያውለው ይሻለዋል።

ዋናው ጥቅም ፍጥነት ነው። የድሮው አምፖል የሚያበራው ክር ግሎ ነው። ክሩ እስኪግል ጊዜ ይወስዳል፤ ሙሉ ብርሃኑ ላይ ለመድረስ 0.2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ኤልኢዲ የሚግል ክር ስለሌለው ኤሌክትሪክ እንደነካው ይበራል። ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ለጆሮ ምንም አይመስልም። በመንገድ ላይ ግን ወደ ሜትር ይቀየራል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በ0.2 ሰከንድ 3.3 ሜትር ይሄዳል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ከሆነ ደግሞ 5.6 ሜትር፤ ይህም ከአንድ ደብል ጋቢና ፒካፕ ርዝመት ትንሽ ይበልጣል። በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ከኋላችን የሚመጣው አሽከርካሪ ፍሬን መያዛችንን ከአንድ መኪና ርዝመት ቀድሞ ያውቃል ማለት ነው። ሌላ ምንም ሳይለወጥ፣ የእሱ ፍሬንም ሳይሻሻል፣ እሱ ሳያውቀው የተሰጠው ዕድል ነው።

ሁለተኛው ጥቅም የእኛን መንገድ ይመለከታል። ኮሮኮንች የድሮ አምፖል ጠላት ነው። ቀጭኑ ክር በንዝረት ይበጠሳል፤ ባዶውን የሚሄድ ፒካፕ ደግሞ የኋላ ሞላው ለጭነት የተሠራ በመሆኑ ከሌላው መኪና የበለጠ ይዘላል። ባለመኪናው አምፖሉ መቃጠሉን የሚያውቀው ትራፊክ ሲያስቆመው ወይም ደግ ሰው በመስኮት ሲነግረው ነው። ኤልኢዲ የሚበጠስ ክር የለውም። በደንብ የተሠራ ከሆነ ብዙ ዓመት ያገለግላል። "በደንብ የተሠራ ከሆነ" የሚለውን ሐረግ አንባቢ ልብ እንዲለው እፈልጋለሁ፤ የቀረው ጽሑፍ በሙሉ ስለዚያ ሐረግ ነው።

ሽቦው ካልተስተካከለ

ብዙ ሰው አዲስ አምፖል የሚገዛው አሮጌው ስለደከመ ነው። አሮጌው ለምን ደከመ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የድሮ አምፖል የሚሰጠው ብርሃን ከሚደርሰው ቮልቴጅ ጋር እኩል አይወርድም፤ በጣም ፈጥኖ ነው የሚወርደው። ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የ20 ዓመት ፒካፕ ደግሞ ቮልቴጅ የሚጠፋበት ቦታ ሞልቶታል። ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ የሚገባበት የአምፖል መያዣ፣ የዛገ ማያያዣ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ መገጣጠሚያ፣ ወደ ሻሲው የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ የሚይዝ ዝገት የበላው ብሎን፤ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል።

የሻሲው ግንኙነት ሲበላሽ የሚታየው ነገር ደግሞ ለየት ያለ ነው። ፍሬን ሲያዝ ፍሬቻው አብሮ ጭል ጭል ይላል፤ ፍሬቻ ሲበራ የሌላው መብራት ይደበዝዛል። ኤሌክትሪኩ በተገቢው መንገድ መመለስ ሲያቅተው በሌላ አምፖል ውስጥ አቋርጦ መውጫ ስለሚፈልግ ነው። እንዲህ ባለ መኪና ላይ ኤልኢዲ መግጠም ፍሳሹን ሳይጠግኑ ግድግዳ እንደመቀባት ነው። እንዲያውም ነገሩን ያብሰዋል፤ ኤልኢዲ በትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሚበራ የማይገባው ቦታ ላይ ሳይፈለግ ጭል ይላል።

እኔ በራሴ መኪና ላይ ሥራውን ያስጀመርኩት ከዚህ ነው። መያዣዎቹ ተጸዱ፣ ብሎኑ ተፍቆ በአዲስ ታሰረ፣ የደበዘዘው የፕላስቲክ ሽፋን ታጠበ። አዲስ አምፖል ሳይገባ በፊት የድሮዎቹ አምፖሎች ብርሃን በዓይን በሚታይ መጠን ጨመረ። ለአንዳንድ አንባቢያን ሥራው እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችላል። የተጸዳ መያዣና ትክክለኛ የድሮ አምፖል ያለው መኪና፣ በዛገ መያዣ ላይ ርካሽ ኤልኢዲ ከተገጠመለት መኪና የተሻለ ይታያል።

"እንደ ፀሐይ የሚያበራ" አምፖል

መደብር ሲገባ የሚሰማው የመጀመሪያ ማግባቢያ የታወቀ ነው፤ "ጋሼ፣ ይኼ እንደ ፀሐይ ነው የሚያበራው" ይባላል። ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። የኋላ መብራት ሥራው ማብራት ሳይሆን መናገር ነው። ሁለት ቃል አለው። አንደኛው "እዚህ አለሁ" ይላል፤ ሁለተኛው "እየቆምኩ ነው" ይላል። ሁለቱ ቃላት ካልተለያዩ ምንም ያህል ቢጮኽ ትርጉም የለውም።

በብዙ ፒካፖች ላይ ሁለቱንም ቃል የሚናገረው አንድ አምፖል ነው። በውስጡ ሁለት ክሮች አሉት፤ አንዱ 5 ዋት፣ ሌላው 21 ዋት። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንቦች ለዚህ አምፖል ያስቀመጡት የብርሃን መጠን 35 እና 440 ሉመን ነው፤ የፍሬኑ ከ12 እጥፍ በላይ ነው ማለት ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል የሰፋው በአጋጣሚ አይደለም። ዓይናችን ትንሽ ልዩነትን፣ በተለይ በዝናብና በጉም ውስጥ፣ አይለይም። ርካሹ ኤልኢዲ ግን ገዢን ለመማረክ ሲባል "እዚህ አለሁ" የሚለውንም እጅግ አድምቆ ይሠራዋል። ፍሬን ሲያዝ የሚጨመረው ብርሃን እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም። ጣርማ በር ላይ በጉም ውስጥ እንዲህ ያለ ፒካፕ የሚከተል አሽከርካሪ መኪናውን በደንብ ያየዋል፤ መቆሙን ግን አያይም።

ሁለተኛው ወጥመድ ቀለም ነው። ነጭ የሚያበራ ኤልኢዲ ቀይ ሽፋን ውስጥ ቢገባ ቀይ ብርሃን ይሰጣል ተብሎ ይታሰባል። የድሮው አምፖል ብርሃን ቀይ የበዛበት ስለነበር በዚያ ላይ ይሠራል። ነጭ የሚባለው ኤልኢዲ ግን በመሠረቱ ሰማያዊ ነው፤ ላዩ በተቀባው ቢጫ ንጥረ ነገር አማካይነት ነጭ መስሎ ይታየናል፤ በውስጡ ያለው ቀይ ጥቂት ነው። ቀዩ ሽፋን ሰማያዊውንና ቢጫውን ያስቀራል፤ የሚወጣው ደካማ፣ አንዳንዴም ወደ ሮዝ ያደላ ብርሃን ይሆናል። ስለዚህ ከቀይ ሽፋን ጀርባ ቀይ ኤልኢዲ፣ ከብርቱካናማው ጀርባ ብርቱካናማ፣ ነጩ ለኋላ ማርሽ ብቻ፤ ደንቡ ይኸው ነው። የሚያስገርመው ቀዩ ኤልኢዲ ከነጩ በዕድሜ እጅግ ይበልጣል፤ ቀዩ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሠራ፣ ለነጩ መሠረት የሆነውን ሰማያዊ ለፈለሰፉት ሦስት ጃፓን ተወላጅ ሳይንቲስቶች የኖቤል ሽልማት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

ሦስተኛው ወጥመድ አምፖሉን ሳይሆን ሙሉውን የመብራት ቤት የሚቀይሩትን ይመለከታል። ጠቆር ያለ መስተዋት ያላቸው፣ በመስመር የሚበሩ፣ ለዓይን የሚስቡ ሙሉ መብራቶች ገበያ ላይ አሉ። ከፋብሪካ በወጣው መብራት ላይ ግን ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ነገር አለ፤ ራሱ ሳይበራ የሌላውን መኪና ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቀው ቀይ ክፍል ነው። ባትሪ ሲሞት፣ ፊውዝ ሲቃጠል፣ መኪናው ዳር ይዞ ሲቆም የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። አንዳንዶቹ የጌጥ መብራቶች ይህ ክፍል የላቸውም። በአገራችን መኪና ሲበላሽ ቅጠልና ድንጋይ መንገድ ላይ መደርደር ልማድ ሆኖ በቆየበት ሁኔታ፣ ድንጋዩም መኪናው ከሄደ በኋላ እዚያው በሚቀርበት አገር፣ የማያንጸባርቅ ፒካፕ በጨለማ መንገድ ዳር መቆሙ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይገምተው።

ፍሬቻው ለምን ይቸኩላል?

ፍሬቻ የሚያርገበግበው ፍላሸር የሚባለው ዕቃ ነው። በአሮጌ መኪኖች ላይ ፍላሸሩ የሚሠራው በአምፖሎቹ ውስጥ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ እየለካ ነው። አንድ አምፖል ሲቃጠል ኤሌክትሪኩ ይቀንሳል፤ ፍላሸሩም በእጥፍ ፍጥነት እየተርገበገበ "አምፖል ጎድሏል" ብሎ ለአሽከርካሪው ይነግራል። ኤልኢዲ በጣም ትንሽ ስለሚወስድ ፍላሸሩ አምፖሉ የተቃጠለ ይመስለዋል። ዓለም አቀፉ ደንብ ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ እንዲበራ ይፈቅዳል፤ የሚቸኩለው ፍሬቻ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያልፋል።

በጋራዦቻችን የተለመደው መፍትሔ ከአምፖሉ ጎን ሬዚስተር ማሰር ነው። አንድ ባለ 6 ኦም ሬዚስተር በ13.5 ቮልት ላይ 30 ዋት ያህል ወደ ሙቀት ይቀይራል፤ ከተነሳው 21 ዋት አምፖል የበለጠ መሆኑ ነው። ፕላስቲክ ላይ ወይም ሽቦ ላይ ከታሰረ ያቀልጣል። የግድ ካስፈለገ ከብረት አካል ጋር በብሎን መያያዝ አለበት። ለአሮጌ ፒካፕ የተሻለው መንገድ ግን ፍላሸሩን ራሱን ለኤልኢዲ በተሠራ መቀየር ነው። በብዙዎቹ ላይ ተነቅሎ የሚሰካ ዕቃ ስለሆነ ሥራው ከባድ አይደለም። እኔም ያስደረግሁት ይህንን ነው።

ከአሜሪካ የመጡ አንዳንድ ፒካፖች ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለባቸው። በእነዚህ ላይ ፍሬቻውና ፍሬኑ አንድ ቀይ አምፖል ይጋራሉ። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት የኋላ ፍሬቻቸው ብርቱካናማ የሆኑ መኪኖች ከቀዮቹ ይልቅ ከኋላ የመገጨት ዕድላቸው በ5.3 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ጥናቱ የተመለከተው ለመታጠፍ፣ መስመር ለመቀየርና ለመሳሰለው ፍሬቻ በሚያበሩበት ወቅት የሚደርሱትን ግጭቶች ነው። መብራት ለመቀየር ከተነሱ አይቀር ሁለቱን መለየት የሚያስቆጭ ወጪ አይደለም።

ከሁሉ የሚልቀው ግን ሦስተኛው የፍሬን መብራት ይመስለኛል፤ ከኋላ መስኮት በላይ የሚቀመጠው ማለቴ ነው። አሜሪካ ለአውቶሞቢሎች ከ1986፣ ለፒካፖችና ለቀላል ጭነት መኪኖች ከ1994 ሞዴል ጀምሮ አስገዳጅ አድርጋዋለች። ይኸው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ግምገማ መብራቱ ከኋላ የመገጨት አደጋን በ4.3 በመቶ በዘላቂነት መቀነሱን ገልጿል። እኛ ዘንድ ብዙ አሮጌ ፒካፖች ይህ መብራት የላቸውም። ከጋቢናው ጀርባ በላይ አንድ ቀይ ኤልኢዲ ማሳሰር፣ ከመጀመሪያው ያሉትን ሁለቱን ከመቀየር የበለጠ ጥቅም ሊሰጥ ይችላል። ለማን? እንደገና፣ ከኋላ ለሚመጣው።

ምርመራውና መመዘኛው

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። ቦሎ ሳይታደስ መንገድ መውጣት እንደማይቻል ሁላችንም እናውቃለን። ጥያቄው ምርመራው የኋላ መብራትን እንዴት ይመለከታል ነው። እኔ ባለፍኩባቸው ምርመራዎች የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ይበራል ወይስ አይበራም? ፍሬን ያዝ፣ በራ። ፍሬቻ አብራ፣ በራ። አለቀ። ምን ያህል በራ? በምን ቀለም? የፍሬኑ ብርሃን ከመደበኛው ይለያል ወይ? የሚሉት አይጠየቁም። አምፖሎች ሁሉ ከፋብሪካ በወጡበት ዘመን "ይበራል ወይ" የሚለው ጥያቄ በቂ ነበር። ዛሬ ግን ማንም ሰው ከማንኛውም ሱቅ ማንኛውንም ዓይነት መብራት ገዝቶ በሚያስገጥምበት ጊዜ መብራቱ መብራቱ ብቻ ምንም አያረጋግጥም። በከተማችን በምሽት ሰማያዊና አረንጓዴ ከኋላቸው እያንቦገቦጉ የሚሄዱ መኪኖችም ሁሉም "ይበራሉ"።

ሌሎች አገሮች ይህን ጉዳይ እንዴት እንደያዙት ማየት ይጠቅማል። ጀርመን በአሮጌ መብራት ቤት ውስጥ የኤልኢዲ አምፖል መግጠምን ለረጅም ጊዜ ከልክላ ቆይታለች። የፊት መብራትን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2020 በሩን የከፈተችው በተፈተኑ አምፖሎችና በስም ለተዘረዘሩ የመኪና ሞዴሎች ብቻ ነው። ምክንያቱ ቴክኒካዊ ነው። የመብራት ቤቱ ውስጥ ያለው አንጸባራቂ የተቀረጸው ክሩ ያለበትን ቦታ ማዕከል አድርጎ ነው፤ ብርሃኑ ከሌላ ቦታ ሲመጣ ወደተፈለገበት አቅጣጫ አይሄድም። እኛ የጀርመንን ያህል አቅም የለንም ይባል ይሆናል። ልክ ነው። ነገር ግን መሠረታዊው ሐሳብ አቅም አይጠይቅም፤ "ይበራል ወይ" ሳይሆን "ተፈትኗል ወይ" ብሎ መጠየቅ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሳሉ፤ ሁለቱም ሚዛን የሚደፉ ናቸው። የመጀመሪያው "በአገራችን ሰው የሚሞተው በኋላ መብራት ምክንያት ነው ወይ?" የሚል ነው። አይደለም፤ ፍጥነት፣ ድካም፣ ፍሬን፣ የእግረኛ መንገድ አለመኖር ከዚህ ይቀድማሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በ2021 በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል፤ ከእነዚህ 92 በመቶው የሞቱት ከዓለም ተሽከርካሪዎች 60 በመቶ ገደማ ብቻ ባላቸው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ውስጥ ነው። ይህን የሚያህል ችግር በአንድ አምፖል አይፈታም። ይሁንና መንገድ ለማስፋት ቢሊዮኖች፣ የአሽከርካሪን ባሕሪ ለመለወጥ ዓመታት ያስፈልጋሉ። የኋላ መብራት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ትልቁን መሥራት እስኪቻል ትንሹን መተው ብልህነት አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፤ "አዲስ መመዘኛ ማለት አዲስ የጉቦ በር ማለት ነው" የሚል ነው። ይህን የሚል ሰው ልምዱን እየተናገረ ነውና ልንንቀው አይገባም። መልሱ መመዘኛ አለማውጣት ሳይሆን ለአስተያየት ቦታ የማይሰጥ መመዘኛ ማውጣት ነው። የፍሬኑ ብርሃን ከመደበኛው ስንት እጥፍ እንደሆነ በትንሽ የብርሃን መለኪያ ይታወቃል፤ ቁጥሩ ለባለመኪናውም ለመርማሪውም እኩል ይታያል። "መብራትህ ደስ አላለኝም" የሚል መርማሪ ሊደራደር ይችላል። በሚለካ ቁጥር ላይ መደራደር ግን አስቸጋሪ ነው።

ምን ይደረግ?

ከመንግሥት በኩል ሦስት ነገሮች ይበቃሉ ብዬ አምናለሁ። አንደኛ፣ ቁጥጥሩ ከመንገድ ይልቅ ከመግቢያ በር ይጀምር። በየመንገዱ ያለውን መኪና ሁሉ አስቁሞ አምፖል ከማየት፣ አምፖሉ በኮንቴይነር ሲገባ የታወቀ የጥራት ምልክት እንዳለው ማረጋገጥ እጅግ ይቀልላል። ሁለተኛ፣ በዓመታዊ ምርመራው ላይ "ይበራል" ከሚለው ጎን የቀለም፣ የፍሬንና የመደበኛ ብርሃን ልዩነት፣ እንዲሁም የአንጸባራቂ መኖር ይጨመሩ። ሦስተኛ፣ በአግባቡ የቀየረ ሰው "ለምን ቀየርክ" ተብሎ አይቀጣ። የቀየረውንና ያበላሸውን አንድ ላይ የሚቀጣ ሕግ ሰውን ወደተበላሸው አሮጌ አምፖሉ ይመልሰዋል።

ባለመኪናው ግን ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለበትም። ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው። በቅድሚያ ሽፋኑን ማጠብ፣ መያዣውን ማጽዳትና ከሻሲው ጋር ያለውን ግንኙነት ማስተካከል፤ ቀጥሎ ከጋቢናው በላይ ሦስተኛ የፍሬን መብራት ማሳሰር፤ ከዚያ ወደ ኤልኢዲ መሄድ፣ ሲሄዱም ቀለሙን ከሽፋኑ ጋር ማዛመድና ፍላሸሩን አብሮ መቀየር። ከጋራዥ ከመውጣት በፊት ደግሞ አንድ ሰው አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሄዶ ይቁም። መደበኛው መብራት በርቶ ሳለ ፍሬን ሲያዝ ልዩነቱን ሳይጠራጠር ካልተናገረ ዕቃው ለሻጩ ይመለስ። ፈተናው በፀሐይም በምሽትም ይደረግ።

አጣና ወይም የብረት ቱቦ ለሚጭኑ ሰዎችም አንድ ቃል አለኝ። ከመኪናው አልፎ የወጣ ጭነት ምርጡን ኤልኢዲ ይሸፍነዋል። ጫፉ ላይ የምትታሰረዋ ቀይ ጨርቅ ቀን ትታያለች፤ ማታ ግን ጨርቅ ብቻ ናት። የሚያንጸባርቅ ፕላስተር ወይም ትንሽ ቀይ መብራት ጫፉ ላይ ካልታሰረ ማታ ባይጫን ይመረጣል።

የኋላ መብራት የዜግነት ጉዳይ ነው ብል ማጋነን ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የአንድ ከተማ ሥልጣኔ ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ ሰዎች ለማያውቁት ሰው ምን ያህል እንደሚያስቡ ነው። ለራሱ ሲል ሬዲዮውን ያሳመረ፣ ለራሱ ሲል መቀመጫውን ያለበሰ ባለመኪና፣ ፊቱን ለማያየው፣ ስሙን ለማያውቀው፣ ምናልባትም ቤተሰቡን ጭኖ ከኋላው ለሚመጣው ሰው ምን አደረገ? መርማሪው አልጠየቀንም። ሻጩም አልጠየቀንም። እርስ በርሳችን ብንጠያየቅ ግን የሚከለክለን የለም።